ጫፉ የተቀነጠበው ሰንጢ

የምሠራበት ግቢ በር ላይ የምትፈትሸው ልጅ ጠዋት ጠዋት እንደ አዲስ ትደነግጣለች። ቦርሳዬን ከፍታ መነጽሬን፣ የደም ግፊት ክኒኔን፣ ሶፍቱን፣ የቤት ቁልፌን አንድ በአንድ ታነሳለች። ከታች ሰንጢው ጋ ስትደርስ እጇን ሰብሰብ አድርጋ ቀና ብላ ታየኛለች።

«እማማ፣ ዛሬም ይዘውት መጡ?»

«የት ጥዬው ልምጣ?» እላታለሁ።

እማማ መባሉ ራሱ ያናድደኛል። ጡረታ ለመውጣት ገና ስምንት ዓመት ይቀረኛል። ለነገሩ ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ የታዘዘችውን ነው የምታደርገው። ሰንጢውን ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ትከተዋለች፣ እኔ ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ገብቼ የተማሪ ፋይል ሳገላብጥ እውላለሁ፣ ማታ ስወጣ ትመልስልኛለች። እጇን ዘርግታ ልታቀብለኝ ስትል ግን አልቀበላትም። «አስቀምጪው» እላታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የናቅኋት መስሏት አኩርፋ ነበር። ስለት ከእጅ ወደ እጅ እንደማይቀባበሉት፣ የተቀባበሉ ሰዎች መጣላታቸው እንደማይቀር ነገርኳት። ጎንደር ተወልዳ አድጋ ይኼን የነገራት ሰው አለመኖሩ ገረመኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ደፈር ብላ ጠየቀችኝ። «ግን እማማ፣ ሴት ልጅ ሰንጢ ይዛ ምን ትሠራለች?»

ረፍዶብኝ ስለነበር ሳልመልስላት ገባሁ። ጥያቄዋ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ምን የማልሠራው አለ? የእህል ከረጢት አፉ የተሰፋበትን ሲባጎ እተረትርበታለሁ። የካርቶን ፕላስተር እቀድበታለሁ። የመዝገብ ቤቱ በር እጀታ በወለቀ ቁጥር ብሎኑን የማጠብቀው በእሱ ነው፤ ጥገና ክፍል ጠርተን እስኪመጡ ድረስ ተማሪው ይመረቃል። ብርቱካን እልጥበታለሁ፣ እርሳስ እቀርጽበታለሁ። የቢሮ ባልደረቦቼ ሲያዩኝ ይስቃሉ፣ ነገር ሲቸግራቸው ደግሞ ቀድመው የሚመጡት ወደ እኔ ነው። አንዱማ ልደቱ ቀን ኬክ ገዝቶ መጥቶ ቢላዋ ረስቶ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ነበር። ሰጠሁት፤ ከመመለሱ በፊት ግን በደንብ እንዲያጥበው አስጠንቅቄ ነው።

አምና ፒያሳ ላይ የሆነው ደግሞ አለ። አንዲት ሴት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች፣ የነጠላዋ ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ የኋላ ጎማ ውስጥ ገባ። ባጃጁ ሲነሳ ነጠላው አንገቷ ላይ ተጠቀለለ። መንገደኛው ሁሉ አቁም አቁም እያለ ይጮኻል፣ ሾፌሩ ቢያቆምም ጎማው ጨርቁን አልለቅ ብሏል፣ ሴትዮዋ ፊቷ ጠቁሯል። ሰንጢዬን አውጥቼ ከጆሮዋ ሥር ቆረጥኩት። ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ ያየችው ነጠላዋን ነው። «ጥለቱን ለምን ቆረጥሽብኝ?» አለችኝ። በጣም ሳቅኩ። እሷም ትንሽ ቆይታ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ሰንጢው የአባቴ ነበር። አባቴ ብራና ላይ በእጃቸው የሚጽፉ ጸሐፊ ነበሩ። ቤታችን ከደብሩ ቅጥር አጠገብ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ በእንጨት የተወጠረ የፍየል ቆዳ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲፋቅ ይውላል፣ ከሰፈሩ ልጆች መሐል ልብሷ ቆዳ ቆዳ የሚሸተው እኔ ብቻ ነበርኩ። እጀታው ቀንድ የሆነውን ይህን ሰንጢ አባቴ የያዙት ብዕር ለመቅረጽ ነው። ብዕራቸው መቃ ነበር። መቃውን አግድም አድርጌ እይዝላቸዋለሁ፤ እሳቸው በሰንጢው በሰያፍ ይቆርጡታል፣ ጫፉን ይሰነጥቁታል፣ መጨረሻ ላይ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አስደግፈው ቁርጥ ያደርጉታል። ያቺ የመጨረሻዋ ቁርጥ ድምፅ አላት። ደህና ከተቆረጠ ድምፁን ሰምተው «ሸጋ» ይላሉ፤ ካልሆነ መቃውን ወርውረው ሌላ ያነሳሉ።

ጫፉን የቀነጠብኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ቀለም የሚያስቀምጡበትን ሳጥን ልከፍት ብዬ ሰንጢውን ክዳኑ ሥር ሰክቼ ወደ ላይ ስፈለቅቀው ጫፉ ቀጭ አለ። አልመቱኝም። ድንጋይ አምጥተው ሲሞርዱት ዋሉ፤ ያም ሆኖ ጫፉ ዳግመኛ አልሾለም፣ እንደ ተነከሰ ጥፍር ዱልዱም ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብዕር በቀረጹ ቁጥር ያቺን ጫፍ በጣታቸው ዳበስ አድርገው እኔን ሳቅ ብለው ያዩኛል። ያ ሳቃቸው ከዱላ ይልቅ ያሳፍረኝ ነበር።

ያ ሰንጢ ደም አይነካውም ነበር። ቤት ውስጥ ለሥጋ ሌላ ቢላዋ አለ፣ ለሽንኩርት ሌላ አለ፤ ይኼን ግን ማንም አያነሳውም። ማንም ምክንያቱን ነግሮኝ አያውቅም። የሚጽፉት የጸሎት መጽሐፍ ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት፣ እንደዚያው አምኜ አደግኩ።

በሃያ ዓመቴ የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ አዲ አርቃይ ተመደብኩ። ከቤት ርቄ አላውቅም ነበር። አባቴ ጃንጥላቸውን ይዘው አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ አያወሩም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ሰንጢውን ከኪሳቸው አውጥተው በመሐላችን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። የሰጡኝ መሆኑ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ።

«አንሺው» አሉኝ። አነሳሁት።

«ከእጅ ወደ እጅ አታቀብዪው። ደም አታስነኪው» አሉ። ሁለት ነገር ብቻ ነው ያሉት። ይህን ሲሉም ፊታቸውን ወደ አውቶቡሱ ጎማ አዙረው ነበር። ከሦስቱ ወንድሞቼ ለማንም ያልሰጡትን ለእኔ ስለሰጡኝ ኩራቴ ልክ አልነበረውም፤ ስለዚህ ለምን ፊታቸውን እንዳዞሩ አልጠየቅኩም።

አዲ አርቃይ ሞቃት ነው። ከሌላ መምህርት ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። እሷ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለሰንጢዬ «ቄሱ» ብላ ስም አወጣችለት። ፓፓያ ለመቁረጥ፣ የአልጋ ገመድ ለማሳጠር፣ የተዘጋ መስኮት ለመፈልቀቅ «ቄሱን አምጪው» ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ እግሯ ላይ ሙጃሌ ገብቶ በሰንጢው ላውጣው ብትለኝ ከለከልኳት። ይደማል። መርፌ ሰጠኋት። «ቄሱ ይሄን ያህል ጾመኛ ነው?» አለች። ነው አልኳት። እንዲህ ነበር የምጠብቀው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ለፋሲካ ወደ ቤቴ ለመሄድ ቀዳም ስዑር ዕለት ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ደባርቅ የምትኖር ልጃቸው አራስ ናት፣ ለእሷ ከግልገልነቱ ጀምሮ ራሳቸው ያሳደጉትን ቀይ ሙክት ፍየል ጣራው ላይ አስጭነዋል። መንገዱን ሁሉ የሚያወሩት ስለ ፍየሉ ነው፤ ምን እንደሚበላ፣ በስሙ ሲጠሩት እንዴት እንደሚመጣ፣ ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን በስንት ጭንቅ እንደወለደች። ለአራሷ እሱን ካላበሏት አባት መሆናቸው ምኑ ላይ ነው?

ሊማሊሞን መውጣት ከጀመርን በኋላ አንዱ ጥምዝምዝ ላይ አውቶቡሱ ሲያጋድል ከመስኮቴ ውጭ አራት እግር ተንጠለጠለ። ፍየሉ ከጣራው ተንሸራቶ በታሰረበት ገመድ አንገቱን ታንቋል። እግሮቹ መስታወቱን ይደበድባሉ። ጮኽኩ፤ ሾፌሩ አቆመ፤ ሰው ሁሉ ወረደ። ወንዶቹ ከሥር ሆነው ወደ ላይ ይደግፉታል፣ ረዳቱ ጣራ ላይ ወጥቶ ከቋጠሮው ጋር ይታገላል፣ ቋጠሮው በክብደቱ ጠብቆ አልፈታ አለ። ካራ ያለው ሰው ቢጠየቅ ሁሉም ጓዙን ጣራ ላይ ከጭነቱ ሥር ነው ያስቀመጠው። ሰንጢዬን አውጥቼ ወደ ጣራው የሚያወጣው መሰላል ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ አንስቶ ገመዱን በጠሰው። ገመድ ለመቁረጥማ ምን ችግር አለው?

ፍየሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። ዓይኑ ነጭ ሆኗል፣ ትንፋሹ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ሽማግሌው ተንበርክከው ጎኑን ዳበሱት። መትረፍ እንደማይችል እኔም ገብቶኛል። ሳይባረክ ከሞተ ደግሞ በክት ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ክርስቲያን በክት አይበላም፣ አራስም ብትሆን አትበላም። ገደል ይጣላል እንጂ ሌላ ዕጣ የለውም።

ረዳቱ ሰንጢዬን መልሶ መሰላሉ ላይ አኑሮት ነበር፣ እኔ አንስቼ አጥፌዋለሁ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰንጢሽን።»

አልተንቀሳቀስኩም። በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሆነ አላውቅም፣ የአባቴ ፊት፣ የአውቶቡሱ ጎማ፣ ያቺ አግዳሚ ወንበር ሁሉ መጣብኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፍየሉ ራሱ ቶሎ ሞቶ ቢገላግለኝ ብዬ ተመኝቻለሁ።

«ምነው ልጄ? ሊሞትብኝ ነው እኮ» አሉ። አልተቆጡም። ድምፃቸው ግን ተሰበረ።

«እሺ አያ» አልኩና ሰንጢውን ከፍቼ ጉልበታቸው ፊት ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። አንዱን ትእዛዝ ስሽር ሌላውን መጠበቄ ነበር። ሽማግሌው አንስተው የፍየሉን ራስ ወደ ምሥራቅ አዞሩ፣ በስመ አብ አሉ። ሰንጢ ለፍየል አይበቃም፤ ያ ግን እንደምንም በቃ። ደሙ ሲፈስ ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እኔ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ሾፌሩ ቶሎ በሉ ብሎ ፈቀደ፤ አምስት ስድስት ወንዶች ተረባርበው ዛፍ ላይ ሰቅለው በዚያችው ሰንጢ ገፈፉት። ሽማግሌው እጃቸውን እየታጠቡ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ አባቴ ጸሐፊ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ቆዳውን ጠቅልለው እግሬ ሥር አስቀመጡት። «ለአባትሽ ውሰጂላቸው። ሌላ የምሰጥሽ የለኝም» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሰንጢውን መንገድ ዳር የሚወርድ ውኃ ላይ አጠብኩትና አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩት። ደባርቅ ስንደርስ ሽማግሌው ሥጋውን በማዳበሪያ ተሸክመው ወረዱ፤ እስከሚጠፉ ድረስ እየዞሩ ይመርቁኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አባቴ አክፍሎት ላይ ነበሩ፤ ከዓርብ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሱም። ቦርሳዬን ደጃፍ ላይ ጥዬ፣ ቆዳውን ከጎኑ አስቀምጬ፣ እግሬን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ስመለስ አባቴ ቆዳውን ዘርግተው ወደ ብርሃኑ ይዘውት እያዩት ነበር።

«ከየት አመጣሽው?»

«የተማሪ ወላጅ ሰጡኝ። ለበዓል ያረዱት ነው» አልኩ። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም።

አባቴ ቆዳውን በጣታቸው እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ በድንገት ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አሉ። አክፍሎቱ አድክሟቸው ነው ብዬ ሮጬ ደገፍኳቸው። «ሸጋ ቆዳ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ራሴን በመዳፋቸው ዳበሱኝ። አባቴ ይህን የሚያደርጉ ሰው አልነበሩም፤ ገረመኝ፣ ግን ደስ አለኝ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሰንጢውን በአመድ ፈተግኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ አልበቃኝ ብሎ ጠበል አመጣሁና ረጨሁት። ምን ዋጋ አለው? ነካ ማለት ነካ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰንጢው ብርቱካን በላጥኩ ቁጥር፣ ሲባጎ በቆረጥኩ ቁጥር፣ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። አባቴ ግን ሰንጢውን መልሽ ብለውኝ አያውቁም። እኔም ይኼን ነገር አንድም ቀን አላነሳሁም። መናገር ነበረብኝ። ዓመት በጨመረ ቁጥር ግን አንድ ፍየል ማረዱ ቀርቶ ዝምታዬ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነ።

ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ፣ አገባሁ፣ ከማስተማሩ ወጥቼ መዝገብ ቤት ገባሁ። አባቴ አረጁ። መጀመሪያ ዓይናቸው ደከመ፣ ቀጥሎ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ብዕሩን አስቀመጡት። የታዘዙትን ሁሉ አስረክበው ጨርሰው ነበር፤ አንድ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ሳጥን ውስጥ ቀርታለች። ከሥራ ሥራ መሐል በትርፍ ጊዜያቸው የጻፏት ናት። ጸሐፊ የባለቤቱን ስም የሚጽፍበትን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ መጽሐፉን ሲያስረክብ በቀይ ቀለም ይሞላዋል። የዚች መጽሐፍ ቦታ ባዶ ነበር። የማን ናት ስላቸው «ባለቤቷ ስትመጣ ይታወቃል» ይሉኝ ነበር። ከደብሩ ሴቶች አንዷ ያዘዘቻት መስሎኝ ተውኩት።

ካቻምና መስቀል እንዳለፈ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ መቃ አለ፣ አጠገባቸው በርጩማ ላይ መጽሐፏና ትንሽ ቀይ ቀለም አለ። ቀለሙን ማን እንደበጠበጠላቸው አላውቅም።

«ሰንጢዬ አለ?» አሉኝ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰንጢዬ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ደርሶ ቀጥ አለ። አባቴ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፣ የመጨረሻቸውን ብዕር ሊቀርጹ ነው፣ እኔ ደግሞ ያረከስኩትን ሰንጢ ላቀርብላቸው ነው። ሳልናገር ባስቀምጥላቸው ማንም አያውቅም። ይኼን አስቤዋለሁ፣ አልክድም። ሰንጢውን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት። ግን እጃቸው ሳይደርስበት አፌ ቀደመኝ።

«አባዬ፣ ሰንጢው ደም ነክቷል።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱት።

«የፍየሉን ነው?» አሉ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ያውቁ ኖሯል?»

«ያን ዕለት እግርሽን ልትታጠቢ ስትሄጂ፣ ሰንጢውን ልሳልልሽ ብዬ ከቦርሳሽ አወጣሁት። ማጠፊያው ውስጥ ደም ደርቋል። ያቺን ሰዓት አልነግርሽም። ልጄን ማን ነካብኝ? ምን አደረጋት? ምን አደረገችው? በዚያ በተቀደሰ ቀን የማስበው ይኼንን ነበር። ከጓሮ እያንጎራጎርሽ ትታጠቢያለሽ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ልጠይቅሽ አፌ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ የፍየሉ መሆኑን በምን አወቁ?»

«በቆዳው ነዋ። በአንገቱ በኩል ስለት የነካካው ቦታ አለ። በካራ የተገፈፈ ቆዳ እንዲያ አይሆንም። ሁሉም ጫፉ በደነዘ ነገር የተነካ ነው። አንቺ ሕፃን ሆነሽ የቀነጠብሽውን ጫፍ አላውቀውም? ያን ባየሁ ጊዜ እግሬ አልያዘኝም፣ ተቀመጥሁ።»

«አክፍሎቱ መስሎኝ ነበር» አልኩ።

«የምን አክፍሎት ነው?»

እንባዬ መጣ። «ደም አታስነኪው ብለውኝ ነበር። ይኼን ሁሉ ዓመት ለጸሎት መጽሐፉ ሲሉ ነው ብዬ...»

«ለመጽሐፉ?» አሉ፣ ሳቃቸው ከየት እንደመጣ እንጃ። «ልጄ፣ ብራናው ራሱ ምንድን ነው? የታረደ ፍየል ቆዳ አይደል? ስብና ደም የነካው ሰንጢ መቃውን ያወዛዋል፣ ቀለም አይዝም፤ ቤት ውስጥ ደም የማላስነካው ለዚህ ነበር። ለአንቺ ያልሁሽ ግን ሌላ ነው። ሃያ ዓመት የሆናት ልጅ ብቻዋን ቆላ ስትወርድ፣ ስለት በእጇ ስሰጣት ምን ልበላት? በሰው ላይ የምትመዢበት ቀን አይምጣብሽ ልበልሽ? ይኼን አፍ አውጥቼ መናገር አቃተኝ። ደም አታስነኪው አልሁሽ።»

ለዚህ ነበር ያን ቀን የአውቶቡሱን ጎማ ሲያዩ የነበሩት። እኔ ሠላሳ ዓመት ለሰንጢው የታዘዘ ትእዛዝ ተሸክሜ ስጨነቅ እሳቸው የፈሩት ለእኔ ነበር።

መጽሐፏን አንስተው ባዶው ቦታ ያለበትን የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡት። ጥጉ ላይ በቀጭን ጅማት የተሰፋ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ጣቴን ወስደው እሱ ላይ አደረጉት። «ያ ቆዳ ነው» አሉ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ለሌላ ሰው ልጽፍበት አልፈለግሁም። ልጄ ደህና መሆኗን የነገረኝ ቆዳ ነው።»

በኋላ እጃቸውን ወደ በርጩማው ዘረጉ። ሰንጢው እዚያው አለ፤ ጣታቸው መጽሐፏን ነካ፣ የቀለሙን ዕቃ ነካ፣ ሰንጢውን አልፎት ሄደ። ዳግመኛ ፈለጉት፣ አላገኙትም። ዓይናቸው ይህን ያህል መድከሙን ያኔ ነው ያወቅኩት። አንስቼ መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው።

«ከእጅ ወደ እጅ?» አሉኝ።

«አላገኙትማ።»

ጫፉን ዳበሱት፣ ሳቁ። «ግድ የለም። ከእንግዲህ ብንጣላስ ስንት ቀን ልንጣላ ነው?»

መቃውን ለመቁረጥ ሞከሩ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሁለቴ ሳቱት። ሰንጢውን መለሱልኝ፣ አሁንም በእጄ ላይ። እሳቸው መቃውን ያዙልኝ፣ እኔ ቆረጥኩ። መጨረሻውን በራሴ አውራ ጣት ጥፍር ላይ አስደግፌ ቁርጥ ሳደርገው ጆሯቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ። «ሸጋ» አሉ። ከዚያ ብዕሩን ቀይ ቀለም አስነክተው፣ እኔ ክንዳቸውን ከሥር ደግፌላቸው፣ ባዶው ቦታ ላይ የክርስትና ስሜን ጻፉ። አምስት ፊደል ለመጻፍ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀብን። ሁለተኛው ፊደል ዘሟል፣ አራተኛው መስመሩን ለቋል። በዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ፊደል ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ከጻፉት ሁሉ ግን እንደሱ የምወደው የለም።

አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ኖሩ። በየእሑዱ እየሄድኩ ብርቱካን በሰንጢው ልጬ አበላቸው ነበር። ሰንጢውን ላለቅልቀው ስል «አምጪው» ብለው ይቀበሉኛል፣ ጫፉን ዳበስ ያደርጉታል፣ በእጄ ይመልሱልኛል። አንድ ቀን እንኳ አልተጣላንም።